ሃያ ሚሊሜትር ወደ ውጭ፦ የጂቲ86 ስፔሰር ማስታወሻ

ሳምንት 1፦ ሳይለኩ መግዛት

መኪናዋ የ2013 ቶዮታ ጂቲ86 ናት። በሞተሯም በአነዳዷም ቅሬታ የለኝም። የሚያበሳጨኝ ከኋላ ቆሜ ሳያት ነው። ጎማዎቹ ፓራፋንጎው ሥር ገብተው ተደብቀዋል። የታላቅ ወንድሙን ኮት የለበሰ ልጅ ትመስላለች። በስፔሰር ወደ ውጭ ላወጣቸው አሰብኩ። ስፔሰር በሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት፣ አብሮት የሚዞረው ክፍል) እና በቸርኬው መካከል የሚገባ ቀለበት ነው።

ቸርኬዎቹ ከፋብሪካ የመጡት ናቸው፤ 17 ኢንች፣ ስፋታቸው 7 ኢንች፣ ኦፍሴታቸው 48። ጎማው 215/45 ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ሞዞው ላይ የሚያርፍበት ገጽ ከቸርኬው ወገብ ምን ያህል ወደ ውጭ እንደራቀ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲቀንስ ወደ ውጭ ይወጣል። 15 ሚሜ ስፔሰር ስታስገባ 48 የነበረው 33 ሆነ ማለት ነው። ስሌቱ ይኸው ነው።

ስፔሰር ገዛሁ። 10 ሚሜ ውፍረት ያለው፣ አራት ፍሬ፣ ርካሽ። ማሸጊያው ላይ 5 በ100 ይላል። የእኔም 5 በ100 ነው፤ አምስት ስተድ፣ 100 ሚሜ ክብ ላይ። (ስተድ የምለው ከሞዞው ወጥተው የቆሙትን ብሎኖች ነው።) በቃ ይገጥማል አልኩ። ገጠመም።

በክሪክ አነሳሁ፣ ቸርኬውን አወለቅሁ፣ ስፔሰሩን ስተዶቹ ላይ ሰካሁ፣ ቸርኬውን መለስኩ። አራቱም በአንድ ሰዓት ከሩብ አለቁ። ራቅ ብዬ አየኋት። ፎቶ አነሳኋት። ከሌላ ጎን ደግሞ አነሳኋት።

ከዚያ ነዳሁ። እስከ 80 ኪሜ በሰዓት ሰላም ነው። 90 ላይ መሪው መንቀጥቀጥ ጀመረ። 100 ላይ እጄ ደነዘዘ። 110ን አልሞከርኩትም፣ ቀስ ብዬ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሳምንት 2፦ የአንድ ሚሊሜትር ነገር

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ባላንስ ነው። ጎሚስታ ጋ ወስጄ አስለካሁ። አራቱም ጎማዎች ልክ ናቸው። ገንዘቡ ወጣ፣ መንቀጥቀጡ ግን አብሮኝ ተመለሰ።

ስፔሰሮቹን አውጥቼ ቬርኒየር ካሊፐር በሚባለው መለኪያ መለካት ጀመርኩ። ሞዞው መሃል ላይ ቸርኬው የሚሰካበት ክብ አንገት አለ። ውፍረቱ 56.1 ሚሜ ነው። የስፔሰሩ መሃል ቀዳዳ ደግሞ 57.1። ነገሩ ቆይቶ ነው የገባኝ። 5 በ100 ብዙ የቆዩ ፎልክስዋገኖችም ይጠቀሙበታል፣ የእነሱ መሃል ቀዳዳ ደግሞ 57.1 ነው። የሌላ መኪና ዕቃ ገዝቼ ነበር። ስተዱ ውስጥ ስለገባ ብቻ የእኔ መሰለኝ።

በዚያ ላይ ስፔሰሩ ጠፍጣፋ ነው፤ የራሱ አንገት የለውም። 10 ሚሜ ሲገባ የሞዞው አንገት ስፔሰሩ ውስጥ ተውጦ ያልቃል፣ ቸርኬው የሚቀመጥበት ያጣል። መሃሉን የሚያገኘው በዳዶዎቹ ሾጣጣ አፍ ብቻ ነው። ጎማው አየር ላይ እንዳለ በጥንቃቄ ከታሰረ ሾጣጣው ቸርኬውን መሃል ሊያመጣው ይችላል። እኔ ግን ዳዶዎቹን በእጅ ጠምዝዤ፣ መኪናዋን መሬት ላይ አውርጄ ነው ያጠበቅኋቸው። የመኪናዋ ክብደት ሞዞውን ወደ ታች ሲጫነው ቸርኬው ከመሃል ወጥቶ እዚያው ታሰረ።

ይሄ ሁሉ መንቀጥቀጥ ነው፣ ያናድዳል እንጂ አያስደነግጥም። ያስደነገጠኝ የዳዶው ዙር ነው። ያለ ስፔሰር ዳዶው እስኪጠብቅ ስንት ዙር እንደሚሄድ ቆጠርኩ፤ 13። ከስፔሰሩ ጋር 5። የስተዱ ጥርስ ኤም12 በ1.25 ነው፤ አንድ ዙር 1.25 ሚሜ ይሄዳል። ስለዚህ 10 ሚሜ ስፔሰር 8 ዙር ይበላል። የተለመደው ልክ ደግሞ ጥርሱ ቢያንስ የስተዱን ውፍረት ያህል ርዝመት መያዝ አለበት የሚል ነው። 12 ሚሜ፣ ማለትም ወደ 10 ዙር። እኔ በ5 ዙር፣ ስድስት ሚሜ በምታህል ጥርስ፣ መቶ ነድቻለሁ።

ስፔሰሮቹን ለማንም አልሸጥኳቸውም። አንዱ ጠረጴዛዬ ላይ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሆኗል። ሦስቱ ለሚዛን ክብደት እንኳን አይሆኑም።

ሳምንት 3፦ ቱንቢና ማስመሪያ

ከመጀመሪያው መደረግ የነበረበት አሁን ተደረገ። መኪናዋን ደልዳላ ወለል ላይ አቆምኩ፣ መሪውን ቀጥ አደረግሁ፣ ከፓራፋንጎው ጠርዝ ቱንቢ አወረድኩ። ከክሩ እስከ ጎማው ሆድ ያለውን ለካሁ። ፊት 22 ሚሜ፣ ኋላ 29። ግራና ቀኝ እኩል አይደሉም። ኋላ ላይ 3 ሚሜ ልዩነት አለ፣ የጻፍኩት ጠባቡን ነው። አንድ ጎን ብቻ ለክቶ የሚያዝ ሰው ሌላው ጎን ላይ ቀለሙን ይላጫል።

22 ስላለ 22 ማስገባት አይቻልም። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲጠመዘዝ ጎኑ ያብጣል። ትንሽ ክፍተት ያስፈልጋል። ፊት 15፣ ኋላ 20 ብዬ ወሰንኩ። ስፔሰሩ በሁለቱም ጎን ስለሚገባ የመኪናዋ አቋቋም በስፔሰሩ ውፍረት እጥፍ ይሰፋል። በጎማዎቹ መካከል ያለው ስፋት ፊት 1520 ሚሜ የነበረው 1550 ይሆናል፣ ኋላ 1540 የነበረው 1580።

ቀጥሎ ዓይነቱን መምረጥ። ሁለት አሉ። አንዱ ስተዱ ላይ የሚሰካ ቀለበት ነው፤ ቀጭን መሆን ይችላል፣ ግን ረጅም ስተድ ይፈልጋል። ሌላው በራሱ ዳዶ ሞዞው ላይ ይታሰርና ቸርኬው ደግሞ ስፔሰሩ ላይ ባሉት አዲስ ስተዶች ይታሰራል። ይሄ ወፍራም መሆን አለበት፣ ምክንያቱም የሚታሰርበት ዳዶ ውስጡ መደበቅ አለበት።

ለ15 ሚሜ ቀለበት፣ ለ20 ሚሜ የሚታሰረውን መረጥኩ። ኋላ ላይ ስተድ መቀየር ያልፈለግሁበት ሌላም ምክንያት አለ። የዚህች መኪና የእጅ ፍሬን ሸራዎች የኋላ ዲስኩ ሆድ ውስጥ ናቸው። ስተድ ለማውጣት እነሱን መነካካት ይመጣል። አልደፈርኩም።

በዚህ ዙር የተፈለገው፦ መሃል ቀዳዳ 56.1፣ የራሱ አንገት ያለው፣ አንገቱም 56.1፣ ከድፍን አሉሚኒየም በማሽን የተፈለፈለ እንጂ በቅርጽ የፈሰሰ ያልሆነ። ዋጋው የመጀመሪያዎቹን ሦስት እጥፍ ሆነ። ዝም ብዬ ከፈልኩ።

ሳምንት 4፦ ኋላ

ዕቃው ሲመጣ ከመግጠሜ በፊት ለካሁ። 56.1። ጥሩ።

ኋላ ላይ አንድ የሚያሳስብ ነገር ነበር። የመኪናዋ የራሷ ስተድ ከዲስኩ ገጽ 26 ሚሜ ይወጣል። ስፔሰሩ 20 ነው። ስለዚህ 6 ሚሜ ስተድ ከስፔሰሩ በላይ ብቅ ይላል። ቸርኬው ጀርባው ጠፍጣፋ ቢሆን ስተዱ ላይ ያርፋል፤ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ቸርኬው ስፔሰሩን አልነካም። የእኔ ቸርኬ በዳዶ ቀዳዳዎቹ መካከል ጎድጓዳ ኪሶች አሉት። ጥልቀታቸው 9 ሚሜ። በወረቀት ላይ 3 ሚሜ ይተርፋል።

ወረቀቱን አላመንኩም። ኪሶቹ ውስጥ የልጆች ሸክላ ጠቀጠቅሁ፣ ቸርኬውን አስሬ ፈታሁ። ስተዶቹ ሸክላው ላይ ጉድጓድ ሠርተዋል፣ ከታች የቀረው ሸክላ 3 ሚሜ ገደማ ነው። አሁን አመንኩ።

ሞዞውን ማጽዳት ከጠበቅሁት በላይ ጊዜ ወሰደ። አንገቱ ሥር ዙሪያውን ዝገት ተጋግሯል። ስፔሰሩን ያለ ዳዶ ስጭነው ይወላግዳል። በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ፣ በብርጭቆ ወረቀት ጨረስኩ። ከዚያ ስፔሰሩ ጠቅ ብሎ ተቀመጠ፤ ድምፁ ራሱ ይለያል። አሉሚኒየምና ብረት ውኃ ሲያገኙ እየተበላሉ ስለሚጣበቁ አንገቱ ላይ ስስ ፀረ ዝገት ቅባት ቀባሁ። ስተዱ ጥርስ ላይ ግን አልነካሁም። ቅባት የነካው ጥርስ በተመሳሳይ ጉልበት ከልክ በላይ ይጠብቃል፣ ስተዱ ይለጠጣል።

ዳዶዎቹን በኮከብ ቅርጽ፣ በሦስት ዙር አጠበቅሁ። የመኪናዋ መመሪያ ለጎማ ዳዶ 120 ኒውተን ሜትር ይላል። ቶርክ መፍቻ፣ ማለትም የተሞላለት ጉልበት ላይ ሲደርስ ጠቅ የሚለው፣ የለኝም ነበር። ከወንድሜ ተዋስኩ። ወንድሜ ሲሰጠኝ "ስትጨርስ ወደ ዜሮ መልሰው" አለኝ። ረስቼው ሁለት ቀን በተሞላበት ተቀመጠ። ሳልነግረው መለስኩት። (አሁን ያነበዋል።)

80 ኪሜ ነድቼ ቸርኬውን አውጥቼ የስፔሰሩን ዳዶዎች ፈተሽኩ። ቀኝ በኩል አንዱ ጠቅ ከማለቱ በፊት ሩብ ዙር ሄደ። ፈታሁት። የሞዞው ገጽ ላይ ቁራጭ ዝገት ቀርታ ኖሯል፤ በጉዞው ተፈጭታለች። አጽድቼ መለስኩ። እንደገና 80 ኪሜ። ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ሳምንት 5፦ የፊት ስተድ

ይሄኛው ቅዳሜን በሙሉ በላ፣ እሑድንም ጀመረ።

የፍሬኑን ካሊፐር (ዲስኩን የሚጨብጠውን ክፍል) ፈትቼ በሽቦ ሰቀልኩት። በፍሬኑ ጎማ ቱቦ እንዳይንጠለጠል ነው፤ ቱቦው ያንን ክብደት አልተሠራለትም። ዲስኩን አወጣሁ። ሞዞውን ከኋላው ክፍት ቦታ ወዳለበት እያዞርኩ አሮጌውን ስተድ በመዶሻ መታሁ። አራቱ በሁለትና በሦስት ምት ወጡ። አምስተኛው እምቢ አለ። መዶሻ ባበዛሁ ቁጥር ኩሽኔታውን እየደበደብኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ያ ደግሞ ከስተዱ ብዙ ይበልጣል። ቆምኩ። በትልቅ ሲ ቅርጽ መጫኛ ገፋሁት። ወጣ። ሁሉንም ከመጀመሪያው በዚያው መግፋት ነበረብኝ።

ያዘዝኳቸው ስተዶች ከአሮጌዎቹ በ20 ሚሜ የሚረዝሙ ናቸው። አንዱን ሳስገባ በእጅ ገባ። በእጅ መግባት የለበትም። ስተዱ አንገቱ ላይ ሞዞውን ነክሶ የሚይዝ ጥርሳም ቦታ አለው፣ የዚያ ቦታ ውፍረት ከአሮጌው ያንሳል። ጥርሱ ኤም12 በ1.25 መሆኑን አይቻለሁ፣ ርዝመቱን አይቻለሁ፣ ይህንን አላየሁም። ዳዶውን ስታጠብቅ ስተዱ አብሮ ይዞራል። ያኔ ማጥበቅም መፍታትም የለም። መለስኳቸው፣ አዲስ አዘዝኩ፣ መኪናዋ አምስት ቀን በማቆሚያ ላይ ተቀመጠች። ስተድ የምታዝዙ፣ አሮጌውን አንዱን አውጥታችሁ አንገቱን ለኩ።

ትክክለኞቹ ሲመጡ በዳዶና በሮንዴላ ሳብኳቸው። አራት ሮንዴላ፣ መካከላቸው ትንሽ ግራሶ፣ አሮጌ ዳዶ ገልብጦ፣ ቀስ እያሉ ማጥበቅ። የስተዱ ራስ ከሞዞው ጀርባ ጋር ሲገናኝ ክንድ ላይ ይሰማል። ጣት ሰድጄ ከኋላም አየሁ። አሥሩም ተቀመጡ።

ሳምንት 6፦ ጠቅ ያለ ሁሉ አልጠበቀም

ፊት 15 ሚሜ ቀለበቱን አስገባሁ፣ ቸርኬውን ሰቀልኩ፣ የድሮውን ዳዶ አሰርኩ። 120 ላይ ጠቅ። ሁሉም ጠቅ። ደስ ብሎኝ ቸርኬውን በሁለት እጅ ያዝኩና ነቀነቅሁት። ጠቅ ጠቅ አለ፤ ይሄኛው ግን የመፍቻው ድምፅ አይደለም። ቸርኬው ልቅ ነው።

ለአፍታ ደነዘዝኩ። መፍቻው ተበላሽቷል ብዬ የወንድሜን ዕቃ ልከስ ነበር። ዳዶውን አውጥቼ ሳየው ገባኝ። የፋብሪካው ዳዶ ጫፉ ዝግ ነው፣ እንደ ቆብ። ስተዱ አሁን ረዝሟል። 20 ጨምሬ 15 ስፔሰር ስለበላ 5 ሚሜ ትርፍ አለው። ያ ትርፍ ቆቡ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን ነካ። ዳዶው የተጋፋው ከስተዱ ጫፍ ጋር ነው፣ ከቸርኬው ጋር አይደለም። መፍቻው ግን ጉልበት እንጂ ሌላ አያውቅም፤ 120 ሲደርስ ጠቅ ይላል።

ጫፋቸው ክፍት የሆነ ዳዶ ገዛሁ። ሾጣጣው 60 ዲግሪ፣ እንደ ፋብሪካው። ስተዱ አሁን በዳዶው በኩል አልፎ ብቅ ይላል። መልኩ የውድድር መኪና ያስመስላታል። ዝናብና ጭቃ ግን ጥርሱን ያገኘዋል፤ የፕላስቲክ ቆብ አለበስኩት። ዙሩን ቆጠርኩ፤ 17።

ከዚያ ወዲህ መፍቻው ጠቅ ካለ በኋላ ጎማውን ሳልነቀንቅ አልሄድም።

ሳምንት 7፦ መንዳት

90፣ 100፣ 110። መሪው ጸጥ ብሏል።

መፋተግ ፍለጋ የፓራፋንጎውን የውስጥ ጠርዝ ጠመኔ ቀባሁ፣ ሁለት ሰው ኋላ አስቀምጬ ወጣ ገባ መንገድ ላይ ሄድኩ። ኋላ ጠመኔው አልተነካም። ፊት፣ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ ወደ ኋላ ስሄድ፣ የውስጥ ፕላስቲክ ሽፋኑን የሚይዝ አንድ ጆሮ ጎማውን ይጭራል። በሙቅ አየር አለስልሼ ወደ ውስጥ አጠፍኩት። አሥር ደቂቃ።

አነዳዱ ተለውጧል፣ ሁሉም ወደ ጥሩ አይደለም። መሪው ትንሽ ከብዷል። መንገድ ላይ የጎማ ቦይ ካለ መኪናዋ ትከተለዋለች፤ ድሮ እንዲህ አልነበረችም። ምክንያቱ ጎማው ከሚዞርበት መስመር ወደ ውጭ ስለራቀ ነው። የመንገዱ እያንዳንዱ ግፊት ረዘም ያለ ክንድ አግኝቶ መሪውን ይስባል። በዚያው ክንድ ሞላው ትንሽ የላላ ይመስላል፣ ኩሽኔታውም የበለጠ ይሸከማል። ኩሽኔታው ምን ያህል ዕድሜ እንዳጣ በዓመት ውስጥ አየዋለሁ።

ኋላውን ከፊት የበለጠ ማስፋቴ ደግሞ ጅራቷን አረጋግቷታል። ድሮ በእርጥብ መታጠፊያ ላይ ቶሎ ታንሸራትት ነበር። አሁን መጀመሪያ ፊቷ ነው የሚያንሸራትተው። ለዕለት መንገድ ጥሩ ነው። ይችን መኪና ጅራቷን ለማወዛወዝ የገዛ ሰው ግን ይከፋዋል። እኔም በመጠኑ ከፍቶኛል።

ማንም ያልነገረኝ ነገር ደግሞ አለ። ጎማው ወደ ውጭ ስለወጣ ጭቃና ጠጠር በሩ ላይ ይረጫል። ከፊት ጎማ ኋላ ያለው የበሩ ታችኛ ክፍል አሁን ሁልጊዜ ቆሻሻ ነው።

ለኢንሹራንሱም አሳውቄያለሁ። በብዙ ቦታ ያልተነገረ ለውጥ ካሳ የሚያስከለክል ምክንያት ይሆናል። ጎማው ከፓራፋንጎው መውጣቱን የሚከለክል ደንብም አለ። የእኔ አልወጣም፤ ቱንቢውን መልሼ አውርጄ አይቻለሁ።

ሳምንት 8፦ ሒሳብ

ቁጥር ልጽፍ ነበር፣ ግን ንጽጽሩ ይበቃል። የኋላ ስፔሰር ጥንዱ ዋጋ አንድ ይሁን። የፊት ቀለበት ግማሽ። ስተድ፣ የተሳሳቱትን መላኪያ ጨምሮ፣ ግማሽ ከምናምን። ክፍት ዳዶ ሩብ። የተጣሉት የመጀመሪያዎቹ አራት ደግሞ ሌላ ግማሽ። የጎሚስታው ባላንስ በከንቱ። በመጨረሻ ለራሴ የገዛሁት ቶርክ መፍቻ ሌላ አንድ። ሲደመር ያገለገለ፣ ኦፍሴቱ 35 የሆነ የቸርኬ ስብስብ መግዛት ይቻል ነበር። ያ ቢሆን ስፔሰርም ስተድም የለም፤ ማሰርና መሄድ ብቻ። የዛሬ ሁለት ወር ይህን ብሰማ አልሰማም ነበር፤ ስፔሰር ርካሽ ነው ብዬ ነበርና።

ሳምንት 12፦ ትርፍ ጎማ

1,000 ኪሜ ሞላ። አራቱንም አውልቄ ፈተሽኩ። የፊት ዳዶዎች ከውጭ ይታያሉ፣ ቀላል ነው። የኋላዎቹ የስፔሰር ዳዶዎች ግን ከቸርኬው ጀርባ ስለተደበቁ ጎማ ሳይወጣ አይታዩም። የሚረሱት እነሱ ናቸው። አንዱም አልተንቀሳቀሰም። በግራ ኋላ መገናኛው ላይ ነጭ ዱቄት ጀምሯል፤ ጠርጌ ቅባቱን ደገምኩ።

ሻንጣ ውስጥ ያለውን ቀጭን ትርፍ ጎማ ለመሞከር ያሰብኩት ዛሬ ነው። ፊት ላይ ገባ። ኋላ ላይ አልገባም። የብረት ቸርኬ ነው፣ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ኪስ የለውም። እነዚያ 6 ሚሜ ብቅ ያሉ ስተዶች ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ሌሊት መንገድ ዳር ኋላ ጎማ ቢፈነዳ ኖሮ ያኔ ነበር የማውቀው።

መፍትሔው ስፔሰሩን ማውጣትና ትርፉን በቀጥታ ሞዞው ላይ በፋብሪካው ዳዶ ማሰር ነው። የስፔሰሩ ዳዶ የሚፈታው በስስ ግድግዳ ሶኬት ነው፣ የመኪናዋ የጎማ መፍቻ ቀዳዳው ውስጥ አይገባም። ሶኬቱን፣ እጀታውንና ከፊት የተረፉትን ዝግ ዳዶዎች በጨርቅ ጠቅልዬ ትርፍ ጎማው ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሰዓት ይዤ ሞከርኩት። 35 ደቂቃ፣ በቀን ብርሃን፣ ደልዳላ ወለል ላይ። የራስ ላይ መብራት ጨመርኩበት።